ስለ ብርድ አገር ብስክሌትና ስለ እጅ ጓንት

በአማርኛችን «ክረምት» የሚለው ቃል ዝናብን፥ ጭቃን፥ የሞላ ወንዝንና የተዘጋ ትምህርት ቤትን ያሳስበናል። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ግን ክረምት ሌላ ነው። እኛ በጠራ ሰማይ ሥር ጥምቀትን በምናከብርበት በጥር ወር በዚያ ሐይቁ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ምድሩም በበረዶ ይሸፈናል። አንድ ቃል የሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መጠሪያ መሆኑ ብዙ ባልጐዳም ነበር። ነገር ግን ሰው ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ከቃሉ ጋር ልማዱንም ይዞ ይሄዳል። በአንዱ ክረምት የጠቀመው ብልሃት በሌላው ክረምት ሳይጠቅመው፥ አንዳንድ ጊዜም እየጐዳው ይገኛል። ይህን ነገር በአንዲት ትንሽ ዕቃ፥ ማለት በእጅ ጓንት ላይ ልንመረምረው አሰብን።

በአገራችን እጅ ሲበርደው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ወይ ከኪስ ይገባል፥ ወይ ከጋቢ ሥር ይሸሸጋል፥ ወይም ወደ ምድጃው ይዘረጋል። ስለዚህም ለእጅ ብቻ የተለየ ልብስ መግዛት እንደ ቅንጦት ይቈጠራል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን እጁን ከኪሱ ሊያስገባ አይችልም። ሁለት እጆቹ በመሪው ላይ ተዘርግተው፥ ከአካላቱ ሁሉ ቀድመው ነፋሱን ይቀበላሉ። እግሮቹ ፔዳሉን ሲያዞሩ በሥራቸው ይሞቃሉ፤ ደረቱም ከትንፋሹ ብዛት የተነሣ ይግላል። እጆቹ ግን መሪውን እንደ ያዙ ከሞላ ጐደል ሳይንቀሳቀሱ ይቈያሉ። ሆኖም ፍሬኑን የሚጨብጡት፥ ማርሹን የሚለውጡትና ነጂውን ከሞት የሚያድኑት እነርሱ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚበርዳቸውን እጆች ከሁሉ ይልቅ እንፈልጋቸዋለን፤ የነገሩም ችግር ከዚህ ላይ ነው።

በብርድ አገር በብስክሌት የሚሄድ ማን ነው? ብለው የሚጠይቁ ይኖሩ ይሆናል። እኛ ብዙ ክረምት ባሳለፍንባት፥ በሚኒሶታ ክፍለ አገር በምትገኘው በሚኒያፖሊስ ከተማ የጥር ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ በክፉው ሌሊት ከዜሮ በታች 25 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። እንዲህም ሆኖ የብስክሌት መንገዱ ባዶውን አያድርም። ቀድሞ የባቡር ሐዲድ በነበረበት ጐድጓዳ ስፍራ የተሠራው፥ ሚድታውን ግሪንዌይ የሚባለው መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በየክፍሉ ተከፍቶ፥ ዛሬ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በረዶ በጣለ ጊዜም ይጠረጋል። የክረምት ብስክሌት ጉዳይ እስከ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ደርሶ፥ የመጀመሪያው ስብሰባ በ2013 ዓ.ም. በፊንላንድ አገር በኡሉ ከተማ ተደርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የሚኒያፖሊስ ነበር። ከነጂዎቹ መካከል ለደስታ የሚነዱ አሉ፤ መኪና መግዣ ስለሌላቸው የሚነዱም አሉ። በሚኒሶታ ከሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ውስጥ ተማሪውና የሌሊት ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው ከእነዚህ ከኋለኞቹ ጋር ነው።

ከምናውቃቸው ወጣቶች አንዱ ቀን ይማር፥ ማታ ደግሞ በአንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከገበያው ውስጥ ወፍራም የሆነውን ጓንት መርጦ ገዛ፤ እንዳይበቃውም ሰግቶ ሌላ ጓንት ከውስጥ ደረበበት። አንድ ሌሊት ከሥራ ወጥቶ በብስክሌቱ ሲጓዝ ጣቶቹ ክፉኛ ጠዘጠዙት። ብርድ ለጐበዝ ምኑ ነው ብሎ ቻለው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕመሙ ጸጥ አለ፤ እርሱም ለመደልኝ ብሎ ደስ አለው። ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ቁልፉን ማዞር አቃተው። ጐረቤት ከፍቶ ባስገባው ጊዜ ሁለት እጆቹን በጋለው የክፍል ማሞቂያ ላይ አሳረፋቸው። በማግሥቱ ጣቶቹ ውሃ ቋጥረው ተገኙ። በሐኪም እርዳታ ጣቶቹ ቢተርፉለትም፥ ከዚያ ወዲህ ብርድ በመጣ ቍጥር ቀድመው የሚያውቁት እነዚያው ጣቶች ናቸው።

ይህ ወጣት ሰነፍ አልነበረም፤ ቸልተኛም አልነበረም። ያደረገው ሁሉ በአባቶቻችን ቤት የተማረው ነው። ወፍራም ልብስ ይሞቃል፤ ጐበዝ ሕመምን ይችላል፤ የበረደው ሰው እሳት ይሙቅ፤ እነዚህን ሦስት ትምህርቶች ያላስተማረ ኢትዮጵያዊ ወላጅ የለም። በአገራችን ደጋ ሦስቱም እውነት ናቸው። በዚያ ሌሊት ግን ሦስቱም በየተራ ከዱት። እንግዲህ እያንዳንዳቸውን ለየብቻቸው እንያቸው።

መጀመሪያ «ወፍራም ይሞቃል» የሚለውን እንመልከት። ጋቢ በውስጡ እሳት የለውም፤ የሚያሞቀን የገዛ ሰውነታችንን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚከለክል ነው። ይህንም የሚያደርገው በድሩና በማጉ መካከል ያለውን አየር አስሮ በመያዝ ነው። ጓንትም እንዲሁ ነው። በውስጡ የታሰረው አየር ሲበዛ ይሞቃል፤ አየሩ ሲጨፈለቅ ግን ውፍረቱ ዋጋ የለውም። ያ ወጣት በጠባብ ጓንት ውስጥ ሌላ ጓንት ባስገባ ጊዜ አየሩን አስወጣ፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ የጣቶቹን የደም መንገድ አጠበበ። ጣት በራሱ ውስጥ ሥጋው የሚሠራ ጡንቻ የለውም፤ የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች በመዳፍና በክንድ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ጣት የራሱን ሙቀት እምብዛም አያፈራም፤ በደም አማካይነት ከሆድና ከደረት የሚላክለትን ይጠብቃል። መልእክተኛው በመንገድ ከታገደ ጣቱ ይራባል። ስለዚህ ጓንት ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ወፍራም ነው?» ሳይሆን «ጣቶቼ በውስጡ ይንቀሳቀሳሉን?» የሚል መሆን አለበት።

ከዚህም የተነሣ ብልህ ነጂ እጁን የሚያሞቀው ከደረቱ ጀምሮ ነው። ሰውነት በመካከሉ ሲበርደው ልብንና ሳንባን ለማዳን ሲል ወደ ጣቶች የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ዳርቻውን ትቶ ዋናውን ከተማ እንደሚጠብቅ የጦር አለቃ ማለት ነው። ደረትና አንገት ከተሸፈኑ፥ የእጅጌውና የጓንቱ መገናኛ በእጅ አንጓ ላይ ክፍት ካልሆነ፥ መካከለኛ ጓንት ብዙ ሥራ ይሠራል። ደረቱ ለተራቈተ ሰው ግን የትኛውም ጓንት አይበቃውም።

ቀጥሎም የጣቶች አቀማመጥ አለ። አምስቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው በየቤታቸው የሚገቡበት ጓንት ለሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጣት ብቻውን ከብርድ ጋር ይታገላል። አውራ ጣት ብቻ ተለይቶ አራቱ በአንድነት የሚገቡበት ድፍን ጓንት ደግሞ ከሁሉ ይሞቃል፤ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይሟሟቃሉና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን በዚህ ስፍራ ሳይነገር አይታለፍም። ይሁን እንጂ ድፍኑ ጓንት ፍሬን ለመያዝና ማርሽ ለመለወጥ ያስቸግራል። ከሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ይኸውም ሌባ ጣትና መሐል ጣት በአንድ ቤት፥ የቀሩት ሁለቱ በሌላ ቤት የሚገቡበት ነው። በዚህ ጓንት ነጂው በሁለት ጣቶች ፍሬኑን ይይዛል፤ በሁለቱ መሪውን ይጠብቃል። ብርዱ ከጠናም በመሪው ላይ የሚታሰር ትልቅ ከረጢት መሰል ሽፋን ይሸጣል፤ እጅ ከነፍሬኑ በውስጡ ስለሚሆን ነፋስ አያገኘውም፥ ከውስጥም ቀጭን ጓንት ይበቃል። ጉድለቱ፥ ነጂው ከብስክሌቱ ሲወርድ ሽፋኑ ከመሪው ጋር መቅረቱ ነው፤ እጁንም ለምልክት ፈጥኖ ማውጣት መቻሉን አስቀድሞ ሊሞክረው ይገባል።

ስለ ነፋስም ጥቂት እንበል። ፖል ሲፕልና ቻርልስ ፓስል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአንታርክቲካ ውሃ የተሞላ ዕቃ በደጅ ሰቅለው፥ በልዩ ልዩ ነፋስ በስንት ጊዜ እንደሚረጋ ለክተው ውጤቱን በ1945 ዓ.ም. አሳተሙ። አሜሪካና ካናዳ በ2001 ዓ.ም. ባሻሻሉት ስሌት መሠረት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 10 ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፥ በተገለጠ ፊት ላይ ከዜሮ በታች 18 ያህል ሆኖ ይሰማል። ብስክሌት ነጂ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ የራሱን ነፋስ እየፈጠረ ይጓዛል። ስለዚህ የጓንቱ ውጫዊ ገጽ ነፋስ የማያስገባ መሆን አለበት። ዳገት ላይ የሞቀው እጅ ቍልቍለት ላይ ድንገት የሚቀዘቅዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

የነፋስ ወንድሙ እርጥበት ነው። ውሃ ከደረቅ አየር ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ ይወስዳል፤ ስለዚህ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከበረዶ ጋር የተቀላቀለ ዝናብ ከዜሮ በታች 10 ከሆነ ደረቅ ቀን ይልቅ እጅን ያስጨንቃል። ጋቢያችን የጥጥ ነው፤ በደረቅ ሌሊት ያማረ ልብስ ነው፥ ጥጥ ግን ሲርስ ሙቀቱን ያጣል። የበግ ጠጕር ግን ርሶም ቢሆን ሙቀትን በመጠኑ ይይዛል። ይህን የመንዝ ሰዎች ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል፤ በዚያ ውርጫማ አገር ባናውና በርኖሱ ከበግ ጠጕር የሚሠራው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ በውስጥ ከጠጕር የተሠራ ቀጭን ጓንት፥ በላዩ ነፋስ የማያስገባ ሰፋ ያለ ጓንት ቢደረብ፥ ላብ ያረሰው የውስጡ ተለውጦ ሌላ ደረቅ ይተካል። የሌሊት ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት እጁን አጥርቶ ማድረቅ፥ በቦርሳውም ሁለተኛ ደረቅ ገበር መያዝ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ዋጋው አያስፈራም። በሚኒሶታና በአካባቢው እንጨት ቈራጮች ይለብሱት የነበረ፥ ቾፐር የሚባል ድፍን ጓንት አለ፤ ውጪው የአጋዘን ቆዳ፥ ውስጡ ተነቃይ የጠጕር ገበር ነው። ማስታወቂያው ከበዛለት ጓንት ይልቅ ይህ አሮጌ ብልሃት ብዙ ድኻ እጆችን አሙቋል። ልባሽ ከሚሸጥበት ሱቅ የተገኘ ደህና የበረዶ መንሸራተቻ ጓንትም ለብስክሌት ያገለግላል። ገዢው በሱቁ ውስጥ ሳያፍር ጓንቱን ያጥልቅ፤ ጭብጡን ይጨብጥ፥ ይዘርጋ፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ይያዝ፤ ብስክሌቱ ቅርብ ከሆነም ፍሬኑን ይሞክር። በእኛ ልምድ ከ5 ዲግሪ እስከ ከዜሮ በታች 5 ድረስ ነፋስ የማያስገባ ባለ አምስት ጣት ጓንት ይበቃል፤ ከዚያ እስከ ከዜሮ በታች 15 ጣቶችን ሁለት ሁለት አድርጎ የሚከፍለው ይመረጣል፤ ከዚያ በታች ድፍኑ ወይም የመሪው ሽፋን ያስፈልጋል። ለሁሉ ቀን የሚሆን አንድ ጓንት አለ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢገኝ አለመስማት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት «ጐበዝ ይችላል» የሚለው ነው። ብርድ ግን እንደ ጠላት ወታደር ፊት ለፊት አይዋጋም። መጀመሪያ ይጠዘጥዛል፥ ቀጥሎ ያማል፥ በመጨረሻም የሕመሙን ስሜት ራሱን ይሰርቃል። ሕመሙ የቆመው ብርዱ ስለ ተሸነፈ ሳይሆን ጣቱ ስለ ደነዘዘ ነው፤ ዝምታው ከጩኸቱ ይከፋል። በዚያች ሰዓት ጐበዝ ማለት ከብስክሌቱ ወርዶ፥ ሙቀት ወዳለበት ቤት የሚገባ ሰው ነው። ይህን ነገር ለወገኖቻችን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። በኮርያ ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ሠራዊት ስለ ብርድ ጉዳት የተደረገው ጥናት፥ ጥቁሮቹ ወታደሮች ከነጮቹ ይልቅ በብዛት ይጐዱ እንደነበር አሳይቷል፤ በኋላም በብሪታንያ ሠራዊት የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ አጽንተዋል። በ1951 ዓ.ም. ወደዚያ አገር የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችንም ያን ክረምት ቀምሰውታል። ጥናቱ ስለ ድፍረት ማነስ የሚናገረው ነገር የለም። ከምክንያቶቹ አንዱ የጣት ደም ሥሮች በብርድ ጊዜ አጥብቀው መጨማደዳቸውና ዘግይተው መከፈታቸው ነው። ከዚህም ሌላ ጣት ቀላ፥ ነጣ ተብሎ የሚጻፈው ምልክት በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ በግልጥ አይታይም፤ አመድ መስሎ ወይም ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጥፍርንና የጣትን የውስጥ ገጽ ማየት፥ ቆዳውም እንደ ሰም ጠንክሮ እንደሆነ በሌላው እጅ መዳሰስ ይገባል።

ሦስተኛው ትምህርት «የበረደው እሳት ይሙቅ» የሚለው ነው። በአገራችን ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን እጃችንን ስንዘረጋ፥ እሳቱ ሲበዛ ቆዳችን ይነግረንና እንሰበስባለን። የደነዘዘ ጣት ግን አይናገርም፤ እየተቃጠለ ዝም ይላል። የወጣቱን ጣቶች ውሃ ያስቋጠራቸው ብርዱ ብቻ ነበር፥ ወይስ ማሞቂያውም ተጨምሮበት ነበር? መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም ይችላሉና። ሐኪሞች የሚያዝዙት እጁን ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሚሆን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቈየትን ነው፤ የውሃውንም ሙቀት ያልደነዘዘ ክርን ወይም ሌላ ሰው ይሞክረው። ጣቱን ማሸት፥ ይልቁንም በበረዶ ማሸት ሥጋውን ይጐዳል። እንደ ገና ወደ ብርዱ መውጣት ግድ ከሆነም ፈትቶ ደግሞ ማስረጋት ከመጀመሪያው ጉዳት የባሰ ነው። ቆዳው ጠንክሮ የቀረ፥ ውሃ የቋጠረ ወይም ስሜቱ ያልተመለሰ እንደሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

እንግዲህ አባቶቻችን ተሳስተዋልን? አልተሳሳቱም። የመንዙ እረኛ ከጠጕር በርኖስ ይለብሳል፤ ጋቢም በደረቅ ሌሊት የሚያህለው የለም፤ ምድጃውም ለሚሰማው እጅ መልካም ነው። እነርሱ የኖሩበትን ብርድ ጠንቅቀው አውቀውት ነበር። እኛ ከእነርሱ ልንወርስ የሚገባን ልብሱን ብቻ ሳይሆን ያን የማወቅ ትጋት ጭምር ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ የተናገሩት ለቄስ ተማሪ ብቻ አልነበረም፤ ጓንት ለሚያጠልቅም ይሆናል።

ወደ ብርድ አገር ተማሪ የሚልክ መሥሪያ ቤትና መምህር ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ገንዘቡ ከሚሰጡት ምክር ጋር ስለ እጆቹም አንድ ቃል ቢጨምሩ መልካም ነው። ተማሪውም በደረሰበት አገር ከዚያው የኖረውን ሰው፥ የወተት አመላላሹን ወይም በረዶ ጠራጊውን፥ «እርስዎ ምን ያጠልቃሉ?» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር። ጥያቄው ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ጣቶቹ ግን ብዕር የሚይዙበት፥ እንጀራ የሚቈርሱበትና ሲመለስም እናቱን የሚያቅፍባቸው ናቸው።